ፋይበሩ 1 ጊጋ ነው፣ ራውተሩ ግን 340 ላይ ቆመ። ምን ይሻላል?

ጎህ_ቀዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

የቤቴ ፋይበር እስከ ቅርብ ጊዜ 200 ሜጋ ነበር፣ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። አሁን ወደ 1 ጊጋ አሳደግኩት። ባለቤቴ ቪዲዮ ኤዲት ነው የምትሰራው። ትልልቅ ፋይል ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚያስፈልገን ለታይታ ሳይሆን ለስራ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ስለካው 340 ሜጋ ላይ ይቆማል። አንዳንዴ 350፣ አንዳንዴ 330፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ቀንም ሌሊትም ያው ነው። ዋይፋይ ላይ ራውተሩ አጠገብ ቆሜ 250 አገኛለሁ፣ መኝታ ቤት ስገባ ደግሞ 60 እና 70 ይሆናል። አቅራቢው ጋ ስደውል "መስመሩ በእኛ በኩል ሙሉ ነው" ይሉኛል። እውነትም ራውተሩን ነቅዬ ላፕቶፑን ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ላይ በቀጥታ ሰካሁትና ዩዘርኔሙንና ፓስወርዱን እዚያው ላፕቶፑ ላይ አስገብቼ ስለካው 930 ሰጠኝ። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፣ የሚያንቀው ራውተሩ ነው።

ያልገባኝ ነገር፦ ካርቶኑ ላይ 1200 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ፖርቶቹም ጊጋቢት ናቸው። 1200 ነኝ የሚል ዕቃ 1000 ማሳለፍ እንዴት ያቅተዋል? ሴቲንግ ነው ወይስ የዕቃው አቅም ይሄው ነው? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ነገሩ እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።

ሽቦ_አዋቂ

ሰላም ወንድሜ። በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰክተህ መለካትህ በጣም ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው እሱን ሳያደርግ ነው ከአቅራቢው ጋር የሚጣላው። አሁን ቢያንስ የት ጋ እንደምንፈልግ እናውቃለን።

ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ላፕቶፑ ራውተሩ ላይ ሲሰካ የኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ ሊንክ ስፒድ (ላፕቶፑና ራውተሩ የተስማሙበት ፍጥነት) የሚለው 1000 ነው ወይስ 100? መስመርህ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ ፒፒፒኦኢ ነው ማለት ነው፣ እሱን አረጋግጥልኝ። ኪውኦኤስ ወይም ለአንዳንድ ዕቃ ቅድሚያ የሚሰጥ ነገር አብርተሃል? የልጆች መቆጣጠሪያስ? ማን ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ የሚቆጥረውስ በርቷል? ራውተሩን የገዛኸው በግምት መቼ ነው?

መልሱን ስትሰጠኝ እንቀጥላለን። 340 ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቁጥር ግን የኬብል ችግር አይመስልም።

ጎህ_ቀዳጅ

አመሰግናለሁ። ሊንክ ስፒዱ 1000 ይላል። ፒፒፒኦኢ ነው። ኪውኦኤስ በርቷል። የ200 ሜጋ ጊዜ ባለቤቴ ፋይል ስትጭን የእኔ የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጥ ስለነበር ነው ያበራሁት፣ በደንብም ረድቶኛል። የልጆች መቆጣጠሪያም አለ፣ ማታ የልጄ ታብሌት እንዲዘጋ። የዳታ መቁጠሪያውም በርቷል፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው በርቶ የመጣ ይመስለኛል። ራውተሩ በ2017 የተገዛ ነው።

ፓኬት_ቆጣሪ

እንግዲህ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ፒፒፒኦኢ፣ ኪውኦኤስ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ፣ ዳታ ቆጠራ፣ የ2017 ዕድሜ። እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ 340 የሚጠበቅ ቁጥር ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ካልገባ ሰው አዲስ ራውተር ገዝቶም እዚያው ይመለሳል።

ፖርቱ ጊጋቢት መሆኑና ራውተሩ ጊጋቢት ማስተላለፍ መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፖርቱ በር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የቤት ኮምፒውተር ፋይል ስትልክ ዳታው የሚያልፈው ፖርቶቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው ስዊች ቺፕ ነው፣ ፕሮሰሰሩን አይነካውም፣ ለዚህ ነው ርካሽ ራውተር ላይ እንኳን ሙሉ ጊጋ የምታገኘው። ወደ ኢንተርኔት ስትወጣ ግን ሌላ ስራ ይጨመራል። ቤትህ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቲቪ ሁሉም የየራሱ የውስጥ አድራሻ አለው፣ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን በአንድ የውጭ አድራሻ ነው የሚታዩት። ስለዚህ ራውተሩ እያንዳንዱን ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበትን ጥቅል) ከፍቶ አድራሻውን ይቀይራል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ናት የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። 1 ጊጋ ሙሉ ለሙሉ ሲሞላ ሙሉ መጠን ያላቸው ፓኬቶች በሰከንድ 81 ሺህ ገደማ ያልፋሉ። ለአንዱ ፓኬት ያለህ ጊዜ 12 ማይክሮ ሰከንድ ነው ማለት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ያ ትንሽ ፕሮሰሰር አድራሻውን መቀየር፣ ፋየርዎሉን ማየት፣ የፒፒፒኦኢውን ልባስ ማውለቅ፣ ከዚያ አንተ ያበራኸውን ኪውኦኤስ ማስላት፣ ይሄ የልጁ ታብሌት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ማጣራት፣ በመጨረሻም መቁጠር አለበት። በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ የሚያይ፣ ስሙን የሚመዘግብና ቦርሳ የሚፈትሽ አንድ ዘበኛ አስብ። በሩን ብታሰፋው ሰልፉ አይፈጥንም።

አምራቾች ይሄን ስለሚያውቁ ማቋረጫ መንገድ ሰርተዋል። ሃርድዌር ናት፣ ናት አክስለሬሽን፣ ፍሎው ኦፍሎድ፣ ስሙ እንደየአምራቹ ይለያያል። ሐሳቡ አንድ ነው። የአንድ ግንኙነት የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች ፕሮሰሰሩ ያያቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን በቀጥታ ቺፑ ያስተላልፋቸዋል፣ ፕሮሰሰሩ አይደክምም። ዋናው ነጥብ ግን ኪውኦኤስ፣ የልጆች መቆጣጠሪያና ዳታ ቆጠራ እያንዳንዱን ፓኬት ማየት ስለሚፈልጉ ብዙ ራውተሮች ላይ ይሄን ማቋረጫ ይዘጉታል። ሲዘጉት ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይሰጡም። 200 ሜጋ ላይ ልዩነቱ አይታይህም ነበር፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ 200ን ያለ ማቋረጫውም ይችለዋል። አሁን መስመሩ ሲሰፋ ነው ገመናው የወጣው።

ስለዚህ ኪውኦኤሱን አጥፋ፣ የልጆች መቆጣጠሪያውን አጥፋ፣ ቆጠራውን አጥፋ፣ ሃርድዌር ናት የሚል ነገር ፈልገህ አብራ፣ ራውተሩን አጥፍተህ አስነሳውና በኬብል እንደገና ለካው። በዋይፋይ አትለካ፣ ሁለት ችግር ታደባልቃለህ። እየለካህ ሳለ የራውተሩን ገጽ ከፍተህ የፕሮሰሰሩን ጭነት ተመልከት። ባለ 2 ኮር (ሁለት የስራ ክፍል ያለው) ሆኖ 50 በመቶ ላይ የቆመ ከመሰለህ አትታለል፣ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሌላው ስራ ፈትቶ ሊሆን ይችላል። ፒፒፒኦኢ ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ ስራው ለኮሮቹ እኩል አይከፋፈልም።

ካት_ስድስት

ፓኬት_ቆጣሪ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ደግሞ ይሄን ጥያቄ ፈልገው ለሚመጡ ሌሎች ሰዎች ስለ ኬብል ልጨምር። ቁጥሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ይናገራል።

የምትለኩት 94 ወይም 95 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግንኙነቱ 100 ሜጋ ላይ ወርዷል ማለት ነው፣ ስለ ፕሮሰሰር ማሰብ አያስፈልግም። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ የራውተሩ ፖርት ራሱ 100 ሜጋ መሆኑ። ይሄ የሚያናድድ ነገር ነው፣ ካርቶኑ ላይ 1200 ተብሎ ከኋላ ያሉት ፖርቶች ሁሉ 100 የሆኑ ራውተሮች አሁንም ይሸጣሉ። ያ ዕቃ ምንም ቢደረግ ከፋይበሩ ከ100 በላይ አያስገባም፣ ዋይፋዩ የቱንም ያህል ቢፈጥን። ሁለተኛው ኬብሉ ነው። 100 ሜጋ ከ8ቱ ሽቦዎች 4ቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። ከ8ቱ አንዷ ከተበጠሰች ብዙ ጊዜ ሁለቱ ዕቃዎች ተነጋግረው 100 ላይ ይስማማሉ፣ ኢንተርኔቱ ይሰራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ማንም አይጠረጥርም።

አንድ ዘመዴ ቤት የሆነው ይሄው ነው። ኬብሉ አዲስ ነበር፣ ጫፉን ግን በእጅ ነው ያሰሩት። የላስቲኩን ጫፍ መብራት ፊት ይዤ ሳየው ቡናማዋ ሽቦ ከሌሎቹ አጥራ ቀርታለች፣ የወርቅማው ጥርስ ስር አልደረሰችም። ቆርጠን ደግመን አሰርነው፣ ከ94 ወደ 930 ሄደ። ከግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ካላችሁ ሁለቱንም ጫፍ እዩ።

የኬብል ዓይነትን በተመለከተ ካት 5ኢ ለጊጋቢት እስከ 100 ሜትር በቂ ነው። ካት 6 ከተገኘ ደስ ይላል። ካት 8 ግዙ የሚሏችሁን አትስሟቸው፣ ለቤት ኢንተርኔት ምንም አይጨምርላችሁም።

ሌላው፣ ዘመናዊ ቀጫጭን ላፕቶፖች የኬብል ቀዳዳ ስለሌላቸው ሰው በዩኤስቢ አስማሚ ነው የሚለካው። አስማሚው የዩኤስቢ 2 ከሆነ ጣሪያው 480 ነው፣ በተግባር ደግሞ ከ300 ብዙም አይርቅም። ከ300 ያልዘለለ ቁጥር ስታዩ ይሄንንም ጠርጥሩ። ጎህ_ቀዳጅ ግን በዚያው ላፕቶፕ ሳጥኑ ላይ 930 ስላገኘ የእሱ ችግር ይሄ አይደለም።

ጎህ_ቀዳጅ

እህቴ ተባረኪ፣ ይሄ ብዙ ሰው ይጠቅማል። አንድ ጥያቄ፣ ለምን 930? 1000 ነው የምከፍለው። የቀረው 70 የት ሄደ?

ካት_ስድስት

ማንም አልወሰደብህም። እያንዳንዱ ፓኬት ከራሱ ዳታ ሌላ የአድራሻ፣ የመቆጣጠሪያና የክፍተት ባይቶች ይዞ ነው ሽቦው ላይ የሚጓዘው። ሽቦው ላይ 1538 ባይት የሚይዝ ፓኬት ውስጥ የአንተ ዳታ 1448 ገደማ ነው፣ ስታሰላው 941 ይመጣል። ፒፒፒኦኢ ሌላ 8 ባይት ስለሚወስድ 936 አካባቢ ይሆናል። 930 ማለት ሙሉ ጊጋ ነው። ከጊጋቢት ፖርት ከዚያ በላይ አይገኝም። ዳውንሎድ ላይ በሜጋባይት ሲያሳይህ ደግሞ ለ8 አካፍለው፣ 116 አካባቢ ካየህ ሙሉ ነው።

ማዕበል_አምስት

የ1200ውን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክረው።

1200 ፍጥነት አይደለም፣ ድምር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ያለው 300 እና በ5 ጊጋኸርዝ ያለው 867 ተደምሮ፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 1200 ተባለ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ባንድ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ስለዚህ ድምሩን የሚያገኝ ሰው የለም። 867ቱም ቢሆን አየር ላይ ያለው የሊንክ ፍጥነት ነው። ዋይፋይ ላይ ራውተሩም ስልኩም በአንድ ቻናል ተራ ጠብቀው ነው የሚናገሩት፣ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል፣ በየመሀሉ "ደረሰኝ" የሚል መልእክት አለ፣ የጎረቤት ራውተርም በዚያው ቻናል ካለ እሱንም ትጠብቃለህ። በጥሩ ሁኔታ፣ ቅርብ ሆነህ፣ ከ867ቱ 500 ወይም 600 ካገኘህ ጥሩ ነው። የ300ውም ነገር እንደዚያው ነው፣ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት ካለህ ነው 300 የሚባለው። ብዙ ራውተር ባለበት ሰፈር 20 ላይ ይወርዳል፣ ያኔ የሊንክ ፍጥነቱ 144 ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መኝታ ቤት የምታየው 60 እና 70 ስልክህ ወደ 2.4 ስለተሻገረ ይመስለኛል። ስልኩ ላይ የሊንክ ፍጥነቱን ክፈትና እየው።

አዲስ ስትገዛም ይሄው ድምር ይጠብቅሃል። ዋይፋይ 6 ሆኖ 3000 የሚል ካርቶን 574 እና 2402 ማለት ነው። 2402 የሚገኘው ደግሞ 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ሲከፈት ነው፣ ስልኩም ያንን መቻል አለበት፣ ብዙ ስልክ ግን 80 ላይ ነው የሚያቆመው፣ ያኔ 1201 ሊንክ ይሆናል። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ 160 ስትከፍት ራዳር የሚጠቀምበትን ክልል መንካትህ አይቀርም። ራውተሩ ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለቅቆ መሄድ ግዴታው ነው፣ በዚያች ሰዓት ግንኙነትህ ይቆረጣል።

ኮንክሪት ግድግዳን 5 ጊጋኸርዝ በደንብ አያልፍም። ይሄ በአንቴና ብዛት አይፈታም። መኝታ ቤት ፍጥነት ከፈለግክ በኬብል ወስደህ እዚያ ሌላ አክሰስ ፖይንት (ከኬብሉ ዋይፋይ የሚያወጣ ዕቃ) ማስቀመጥ ነው። መሀል ላይ የምትሰካት ኤክስቴንደር በአንዱ ሬዲዮ ተቀብላ በዚያው ሬዲዮ ስለምትልክ ፍጥነቱን ግማሽ ታደርገዋለች፣ ሲግናሉ አምስት መስመር ሲያሳይ ሰው ደስ ይለዋል፣ ፍጥነቱ ግን የለም።

ዝግ_ብሎ

ከሁላችሁም ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ኪውኦኤስን አጥፋው ማለት ቀላል ነው። ሰውየው ያበራው ግን ችግር ስለነበረበት ነው፣ ባለቤቱ ስትጭን ስብሰባው ይቆረጥ ነበር። ካጠፋው ስፒድ ቴስቱ ያምራል፣ ስብሰባው ተመልሶ ሊበላሽ ይችላል።

መስመር ሲሞላ ራውተሩም ሆነ የአቅራቢው ሳጥን የተረፈውን ፓኬት ወረፋ ላይ ያቆየዋል። ወረፋው ረጅም ከሆነ የድምፅህ ፓኬት ከትልቁ ፋይል ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ስራ ሳይኖር 5 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ፒንግ (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ) 200 እና 300 ሊደርስ ይችላል። በፍጥነት መለኪያው ቁጥር ላይ ይሄ አይታይም፣ ጆሮህ ላይ ግን ይታያል።

ስለዚህ ከማጥፋትህ በፊትና ካጠፋህ በኋላ አንድ ነገር ለካልኝ። ባለቤትህ ትልቅ ፋይል እየጫነች ሳለ ፒንግ አስኪድና ስንት እንደሚደርስ ተመልከት። 30 ወይም 40 ላይ ከቆየ ኪውኦኤስ አያስፈልግህም፣ ተወው። 200 ከደረሰ ግን 340 ይዘህ ስብሰባህ ቢሰራ 900 ይዘህ ከሚቆረጥብህ ይሻላል፣ እስክትቀይረው ድረስ።

ፓኬት_ቆጣሪ

ዝግ_ብሎ ልክ ነው፣ እኔም ይሄን መጨመር ነበረብኝ። አንድ ነገር ግን አለ፣ መስመሩ ሲሰፋ ወረፋው የመሙላት ዕድሉ ይቀንሳል። በ200 ሜጋ መስመር ላይ የሚያስፈልግ ኪውኦኤስ በ1 ጊጋ ላይ ብዙ ጊዜ ላያስፈልግ ይችላል። ግን ግምት ነው፣ መለካቱ ይሻላል። የአፕሎድ ፓኬጁ ከዳውንሎዱ በጣም የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የሚመጣው በአፕሎድ በኩል ነው። ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ዳውንሎዱን ነፃ ትቶ አፕሎዱን ብቻ ከመስመሩ 90 በመቶ ላይ መገደብ ይቻላል።

ጎህ_ቀዳጅ

ሞክሬው መጣሁ።

ኪውኦኤሱን ብቻ ሳጠፋ ወደ 470 ወጣ። ከዚያ የልጆች መቆጣጠሪያውንና ቆጠራውን አጠፋሁ። ሃርድዌር ናት የሚለው ናት በሚለው ገጽ ከታች ተደብቆ ነበር። እስከዛሬ ግራጫ ሆኖ አይነካም ነበር፣ ሌሎቹ ሲጠፉ ተከፈተ። አብርቼ ራውተሩን ሳስነሳው 780 ሆነ። በኬብል ነው። ዋይፋይ ላይ አጠገቡ ሆኜ 480 አገኘሁ፣ ማዕበል_አምስት ካለው ጋር ይስማማል። ፈርምዌሩንም (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አዲሱ ላይ አደረስኩት፣ ለውጥ የለውም፣ 780 ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ ገጽ አንዱን ኮር 100 በመቶ፣ ሌላውን 20 ምናምን ያሳያል።

ፒንጉንም ለካሁ። ባለቤቴ እየጫነች 35 አካባቢ ነው፣ ከዚያ አልዘለለም። ስብሰባም አድርጌ አየሁት፣ ድምፁ አልተቆረጠም። የልጄን ታብሌት በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ባለው የሰዓት ገደብ ዘጋሁት፣ ራውተሩ ባይሰራውም ይሰራል።

እንግዲህ የቀረችው 150 ናት። ለእሷ ብዬ ልቀይር? ከቀየርኩስ ምን አይቼ ነው የምገዛው? አሁን ባለ 2.5 ጊጋ ፖርት የሚሉ አሉ።

ፓኬት_ቆጣሪ

ለ150 ብቻ ብዬ አልቀይርም ነበር። ግን 2017 የተገዛ ራውተር ብዙ ጊዜ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆማል። የአንተ የመጨረሻው ፈርምዌር የወጣው ከረጅም ጊዜ በፊት ከሆነ ለፍጥነቱ ሳይሆን ለእሱ ብለህ ቀይረው።

ስትገዛ ካርቶኑን እርሳው። የምትፈልገው ቁጥር ከኢንተርኔቱ ፖርት ወደ ቤት ፖርት ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ነው፣ ያውም በፒፒፒኦኢና በኪውኦኤስ ተለክቶ። የገለልተኛ ሰዎች ልኬት ፈልግ፣ ፒፒፒኦኢ ብሎ ያልጠቀሰ ልኬት ለአንተ መልስ አይሆንም። ፕሮሰሰሩን እይ፣ ባለ 4 ኮር ከሆነና እያንዳንዱ ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሃርድዌር ናቱ ጠፍቶም ጊጋ ይጠጋል። ቪፒኤን (ግንኙነትህን የሚያመሰጥር) ራውተሩ ላይ ለማስኬድ ካሰብክ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ማመስጠር ስራ ነው፣ ከቪፒኤን ዓይነቶች ኦፕንቪፒኤን ብዙ የቤት ራውተር ላይ ጊጋውን ወደ ጥቂት አስር ሜጋ ያወርደዋል፣ ዋየርጋርድ በጣም ይሻላል።

2.5 ጊጋ ፖርት የሚጠቅመው ወደፊት ከ1 ጊጋ በላይ ለመሄድ ካሰብክ ነው። ኬብሉ አያስጨንቅህ፣ በ2016 የወጣው የ2.5 ጊጋ ስታንዳርድ የተሰራው ካት 5ኢ ላይ እስከ 100 ሜትር እንዲሄድ ነው። ማታለያው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንዱ ራውተር 2.5 ያለው አንድ ፖርት ብቻ ነው፣ እሱም የኢንተርኔቱ፣ ወደ ቤት የሚወጡት ሁሉ 1 ጊጋ ናቸው። የባለቤትህ ኮምፒውተር ያኔም ከ940 አይበልጥም። የፋይበሩ ሳጥን ፖርትም ስንት እንደሆነ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፣ ሳጥኑ 1 ጊጋ ከሆነ የራውተሩ 2.5 ስራ የለውም። ደግሞ ብዙ ቦታ የሚሰራው የፋይበር ዓይነት፣ ጂፖን፣ ራሱ 2.488 ጊጋ ዳውንሎድን ለብዙ ቤቶች፣ ለ32 ወይም ለ64፣ ነው የሚያካፍለው።

የድሮውን አትጣለው። ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎች የውስጥ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ፣ አድራሻውን ከአዲሱ እንዳይጋጭ ቀይር፣ ከአዲሱ የሚመጣውን ኬብል በኢንተርኔት ፖርቱ ሳይሆን በቤት ፖርቱ ስካው፣ መኝታ ቤት አስቀምጠው። ያኔ ናት አይሰራም፣ ፒፒፒኦኢ አይሰራም፣ ያ የደከመ ፕሮሰሰር ዕረፍት ያገኛል። 867ቱ ዋይፋይ እንዳለ ነው።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የእኔ ሳጥን ራሱ ዋይፋይ ያወጣል፣ እኔ ደግሞ የራሴን ራውተር ከኋላው ሰክቻለሁ። ይሄም ያዘገያል?

ሽቦ_አዋቂ

ሁለቱም ናት እየሰሩ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን ሁልጊዜ አይቀንሰውም፣ ግን ከሁለቱ ደካማው ይወስንብሃል፣ ጌምና የርቀት ካሜራ ላይም ጣጣ ያመጣል። አቅራቢውን ሳጥኑን ብሪጅ ሞድ ላይ (ናት ሳይሰራ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ) አድርጉልኝ በላቸው። ካልፈቀዱ የራስህን ራውተር አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ አድርገው። የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሻል ለማወቅ በኬብል መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ ራውተሩ ላይ ለካ።

ጎህ_ቀዳጅ

ለአሁኑ 780ውን ይዤ እቆያለሁ። የመጨረሻው ፈርምዌር የወጣው በ2020 ነው፣ ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም፣ ግን አልቸኩልም። ወደ መኝታ ቤት ኬብል መሳብ እጀምራለሁ፣ ካት 6 ገዝቻለሁ፣ ጫፎቹን ካት_ስድስት እንዳለችው መብራት ፊት ይዤ አያቸዋለሁ። በፒፒፒኦኢ የተለካ ራውተር እጃችሁ ላይ ካለ ሞዴሉንና ቁጥሩን እዚህ ጣሉልኝ፣ ኪውኦኤስ በርቶም ጠፍቶም።